የእማዬ መጋረጃና የእኔ ምስክርነት

ምስክርነት የሚባል ነገር አለ፤ የፍርድ ቤቱን ማለቴ አይደለም። የፍርድ ቤት ምስክር ሲያጋንን ዳኛው ይቆጣዋል። የእኛ የጴንጤዎቹ ምስክር ሲያጋንን ግን ጉባኤው «ሃሌሉያ!» ይለዋል። ሃሌሉያ እየተባለለት ወሬውን ያሳጠረ ሰው ደግሞ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም፤ ራሴንም ጨምሮ።

ለማያውቅ ላስረዳ። አንድ ሰው ጌታን ከተቀበለ በኋላ ጉባኤ ፊት ይቆምና «እንዲህ ነበርኩ፤ ጌታ አገኘኝ፤ አሁን እንዲህ ሆንኩ» ይላል። መልካም ነገር ነው። ጣጣው ያለው «እንዲህ ነበርኩ» የምትለዋ ላይ ነው። እሷ በከፋች ቁጥር ምስክርነቱ ይሰምራል። ቀማኛ የነበረ፣ ሰካራም የነበረ፣ ጠንቋይ ቤት ሲመላለስ የኖረ ሰው ይከበራል፤ ከፊት ወንበር ይሰጠዋል። አዳራሻችን ውስጥ አንዲት ደግ እህት አሉ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ጨዋ ናቸው፤ ክፉ ሥራ ተገኘባቸው ቢባል እናታቸው ሳያዩ ስኳር ቅመው ያውቃሉ። አንድ እሑድ ተራቸው ደርሶ ቆሙና ያችኑ ስኳር መሰከሩ። ጉባኤው በጨዋ ደንብ «አሜን» አላቸው፤ ሃሌሉያ ግን አልወጣም። ተቀምጠው እንባቸውን ሲጠርጉ አየሁ። ለስኳሩ ይሁን ለሃሌሉያው አልጠየቅኳቸውም።

እኔ በዚህ በኩል የታደልኩ ነኝ። ዳምጠው እባላለሁ። ሐረር፣ ባለብዙ በሩ የጁገል ግንብ ውስጥ፣ መኪና ግርግር በምትባለው ቀጭን መንገድ ላይ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ለመንገዷ ስሟን ያወጣላት የስፌት መኪናችን ጫጫታ ነው። የዛሬ ሃያ ዓመት ግን ልብስ ሰፊ ከምባል ሰካራም ብባል ይቀለኝ ነበር። ጠዋት ጠዋት እጄ እየተንቀጠቀጠ ክር መርፌ ውስጥ አልገባ ይለኝ ነበር። የሰው ሱሪ አንዱን እግር ከሌላው አሳጥሬ ሰፍቼ፣ ባለቤቱን «አቋቋምህን አስተካክል» ብዬ የተቆጣሁ ሰው ነኝ። ነገር በምሳሌ ይባል የለ? የተረቱን ሁለተኛ አጋማሽ እናንተ ጨርሱት፤ እኔ ከተውኩት ሃያ ዓመት ሆነኝ።

ምስክርነቴ መጀመሪያ ላይ አጭር ነበረች። «ሸዋ በር ላይ ሰክሬ ቦይ ውስጥ ወደቅሁ፤ ውሻ ፊቴን እየላሰኝ ነቃሁ፤ በዚያች ሰዓት ጌታ እጁን ዘርግቶ አወጣኝ።» በቃ። ግን ሃያ ዓመት ረጅም ነው። ቦዩ በየዓመቱ ጥልቀት ጨመረ። ከዚያ ጎርፍ መጣበት። አንድ ጊዜ ድሬዳዋ ተጋብዤ ስመሰክር ውሻው ሳላስበው ጅብ ሆኖ ከአፌ ወጣ። የድሬዳዋ ጉባኤ ጣሪያውን ሊያወርደው ደረሰ። ሐረር ላይ እንዲያ ብል ጉዴ ፈላ፤ የሐረር ሰው «የትኛው ጅብ?» ብሎ በስሙ ይጠይቀኛል። ስለዚህ ለከተማዬ ውሻ፣ ለውጭ ጅብ ብዬ ለሁለት ከፈልኩት።

አትታዘቡኝ። መጠጥ ያስተወኝ ያ አዳራሽ ነው፤ ይህን ብክድ ውሻ እንኳ በበላበት ይጮኻል። ወንድሞች ሦስት ወር ሙሉ ጠዋትና ማታ ቤቴ እየተመላለሱ፣ ስንቀጠቀጥ እየያዙኝ፣ ሲያቅለሸልሸኝ ባልዲ እየያዙልኝ ነው ሰው ያደረጉኝ። እግዚአብሔርን የማናግረው ሌላ አማላጅ ሳልፈልግ መሆኑንም እዚያ ነው የተማርኩት፤ ዛሬም ደስ ይለኛል።

ግን አረቄውን ስደፋ አብሬ የደፋሁት ብዙ ነው። የአባቴ ተዝካር ቀን ዘመድ ሁሉ ድንኳን ውስጥ ሲገባ እኔ ደጅ ቆሜ «ይህ ለሞተ ሰው አይጠቅምም» ብዬ ሰበክሁ። እማዬ ከሚካኤል ማኅበር ጸበል ጸዲቅ ይዛልኝ ስትመጣ «ለጣዖት የቀረበ አልበላም» አልኳት።  ዳቦውን በነጠላዋ ጠቅልላ ይዛው ተመለሰች። ያን ቀን እምነቴን የጠበቅሁ መስሎኝ በደስታ ዘምሬ ተኛሁ። ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

እንዲህ ያለው የእኔ ብቻ አመል ቢሆን ደግ ነበር። ለቅሶ ቤት ሄደን «ምን አግኝቶት ሞተ?» ከማለታችን በፊት «ድኖ ነበር ወይ?» እንባባላለን። ሰውየው ጎረቤታችን መሆኑ ይቀርና ገና ያልተመሰከረለት ነፍስ ይሆንብናል። ሰላም ስንለው እንኳ መቼ ትራክት፣ ማለትም የስብከት ወረቀት፣ እንደምንሰጠው እያሰብን ነው። እነዚህ ጥያቄዎች ከዓመታት በፊት ጀምሮ ያንገበግቡኝ ነበር። ሆኖም በመካከሉ የአዳራሹ ሽማግሌ ሆኜ ተሾምኩ፤ ሽማግሌ ደግሞ ይጠየቃል እንጂ አይጠይቅም።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ባለፈው ሰኔ ነው። እማዬ ቤቷ ፈላና በር አካባቢ ነው፤ ሰማንያን ካለፈች ቆየች፤ ጉልበቷ ከድቷታል። አንድ ቀን ከሰዓት ልጠይቃት ስገባ አጠገቧ አስቀመጠችኝና፦

«ዳምጤ፣ መጋረጃ ትሰፋልኛለህ» አለችኝ። «ቀይ ከፋይ ይሁን፤ ዳር ዳሩን ወርቃማ ዘርፍ አድርግበት። ለሐምሌ ገብርኤል ቁልቢ የማደርሰው ስለት አለብኝ።»

ደነገጥኩ። «እማዬ፣ እምነቴን ታውቂያለሽ። የተሰፋ ልግዛልሽ፣ ከፈለግሽ ከአዲስ አበባ ላስመጣልሽ።»

«የተገዛማ እኔስ መች አጣሁ! በአንተ እጅ ብዬ ነው የተሳልኩት።»

«ለምን ነበር የተሳልሽው?»

«እሱን ለምን ትጠይቀኛለህ? ስለት አታምን!» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እንደዞረች ግን «ሳላደርስ እንዳልሞት ነው የምፈራው» አለች።

እኔ መቼ ጠፍቶኝ! አንድ ልጇ ጴንጤ የሆነባት እናት ለምን ትሳላለች? «ልጄን ወደ ሃይማኖቱ መልስልኝ» ብላ ነዋ። ታዲያ መጋረጃውን ብሰፋ የራሴን መመለሻ በገዛ እጄ መስፋቴ አይደለም? ባልሰፋ ደግሞ እናቴ ስለት እንዳለባት ልትሞት ነው። ለማንኛውም ብዬ ከፋዩን ከጊደር መጋላ ገበያ ገዛሁና ሱቄ በር ላይ ሰቀልኩት። መቁረጡን ግን አልደፈርኩም።

ፓስተራችንን አማከርኩት። ልጅ እግር ነው፣ ቅን ነው፤ መጽሐፍ ሲጠቅስ አያፍርም፤ ሰው ሲያናግር ግን ያፍራል። «ጋሽ ዳምጠው፣ ይጸልዩበት» አለኝ። «ግን ሽማግሌ ነዎት፤ ደካሞች እርስዎን ያያሉ። ደግሞ በሐምሌ መጨረሻ በአዳራሻችን በዓል ላይ ዋናው መስካሪ እርስዎ ነዎት።» በቀጣዩ እሑድ አንድ እንግዳ ነቢይ መጥቶ ዓይኑን ጨፍኖ «ቀይ ጨርቅ ይታየኛል! በቀይ ጨርቅ የታሰረ ወንድም አለ!» ብሎ ጮኸ። ጉባኤው ተንቀጠቀጠ። እኔ ግን፣ ይቅር ይበለኝ፣ ጨርቁ ሱቄ በር ላይ ከተሰቀለ ሳምንቱ እንደሆነና ከፈረስ መጋላ አደባባይ የሚወርድ ሰው ሁሉ እንዳየው ነው ያሰብኩት።

ያን ጊዜ ነው ብልጠት የመጣልኝ። የቆጡን አወርድ ብላ ያሉትን አስታውሱልኝ። ከእኔ ሱቅ ቀጥሎ አው ዩስፍ አሉ። «አው» ሐረሪዎች ለአባትና ለታላቅ ሰው የሚሰጡት ማክበሪያ ነው። የመንገዳችን አንጋፋ ሰፊ እሳቸው ናቸው፤ እኔም ልጅ ሆኜ መቀስ አያያዝ የተማርኩት ከእሳቸው ነው። እሳቸው ቢሰፉልኝ እጄ ከስለቱ ንጹሕ ይሆናል፤ እማዬም ከአንዱ የመኪና ስፌት ሌላውን ለይታ አታውቅም። ጴንጤ ሆኜ እናቴን፣ በእስላም መርፌ፣ ለኦርቶዶክስ ስለት ላታልላት ነው እንግዲህ። ሐረር ካልሆነ የት ይታሰባል?

ከፋዩን ይዤ ገባሁ። «አው ዩስፍ፣ ይህችን ይስፉልኝ። እኔ ሥራ በዝቶብኛል።»

በሩ በኩል አንገታቸውን አስግገው ሥራ ፈቶ የቆመውን መኪናዬን አዩ። «ለማን ነው?»

«ለእማዬ። ለቁልቢ መጋረጃ።»

መነጽራቸውን አጠለቁ። ከፋዩን በሁለት ጣታቸው ፈተሹና «ማሻአላህ፣ ደህና ጨርቅ ነው» አሉ። ከዚያ በአራት አጥፈው መልሰው ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ። «እኔ አልሰፋውም።»

«ሐራም ሆኖብዎት ነው?»

«አስተግፊሩላህ! የቄስ ካባ ስሰፋ አርጅቼ ነው ዛሬ ሐራም የሚሆንብኝ?» ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉ። «ነዝር ስለሆነ ነው። እናንተ ስለት የምትሉት። ይህን ስለት ስትሳል እኔ ነኝ የቆምኩት። ምስክሩ እኔ ነኝ፤ ምስክር አያጭበረብርም።»

«የት ነው የተሳለችው?» አልኩ።

«ሸዋ በር፣ አንተ የወደቅህበት ቦይ አፋፍ ላይ ነዋ! ከንጋቱ የሱብሒ ሶላት ስመለስ እናትህ ብቻዋን ልታወጣህ ስትታገል አገኘኋት። እሷ ራስህን፣ እኔ እግርህን ይዘን ጎተትንህ። ወላሂ ከብደህ ነበር፤ አንድ ጫማህም እዚያው ቀረ።»

ሃያ ዓመት የመሰከርኩት ታሪክ ውስጥ እኔ፣ ጌታ፣ ቦይና ውሻ ብቻ ነበርን። አሁን ሁለት ሰው ገባበት። ቢያንስ ውሻው ይትረፍልኝ ብዬ፦

«ውሻውስ?» አልኳቸው።

«የምን ውሻ?»

«ፊቴን ሲልሰኝ የነበረው።»

አው ዩስፍ ግራ ገባቸው። «ውሻ አላየሁም። እናትህ ናት የነጠላዋን ጫፍ ውሃ ውስጥ እየነከረች ፊትህን ስትጠርግህ የነበረው።»

  የእናቴን ነጠላ ነው በየመድረኩ ውሻ፣ ብሎም ጅብ ያልኩት።

«ያኔ እጅህን ያዘች» ብለው ቀጠሉ። «እጅህ እንደዚህ ይንቀጠቀጥ ነበር። ‹ገብርኤል ሆይ፣ ይህን እጅ ከመንቀጥቀጥ አሳርፍልኝ። ከመጠጥ ያላቀቅኸው እንደሆነ በዚሁ እጁ የሰፋውን መጋረጃ ይዤልህ እመጣለሁ› አለች። ቀና ብላም ‹አው ዩስፍ፣ እርስዎም አሜን ይበሉ› አለችኝ። አሚን አልኩ። ሁለት ወር ሳይሞላ ጴንጤ ሆንክና መጠጡን ተውክ። አልሐምዱሊላህ።»

እዚያው ሱቃቸው ውስጥ አለቀስኩ። ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሽማግሌ፣ ቀይ ከፋይ ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ ደንበኛ እየገባ እየወጣ። አው ዩስፍ ሥራቸውን ቀጠሉ፤ መኪናቸውን ግን ከወትሮው ከፍ አድርገው ነው ያንጫጩት፤ ለቅሶዬ መንገድ ላይ እንዳይሰማብኝ።

በዚያው ፈላና በር ወረድኩ። «እማዬ፣ የተሳልሽው ሃይማኖቴን ለማስመለስ አልነበረም?» አልኳት።

«ማን አለህ? መጠጡን እንዲያስተውህ ነው እንጂ።»

«ታዲያ እኮ ጴንጤ ሆኜ ነው የተውኩት!»

«አውቃለሁ!» አለች ተቆጥታ። «ልጄን ከመጠጥ አላቅልኝ አልኩት፤ ጴንጤ አድርጎ አላቀቀልኝ። መቼም ሌላ መንገድ ቢመርጥ አልጠላም ነበር። ግን ስለት ሰሚ ይታማል? በየት በኩል እንዲያወጣህ አልነገርኩት!»

«ሃያ ዓመት ለምን ዝም አልሽ?»

«የገብርኤልን ስም ስጠራ ጆሮህን ትደፍን አልነበር? እምቢ ካልከኝ ደግሞ ስለቱ ፈርሶ ትመለስበታለህ ብዬ እፈራ ነበር። አሁንም እፈራለሁ። ባመሸህ ቁጥር እፈራለሁ።» እጄን ያዘችና አገላብጣ አየችው። «ስትዘምር ሰምቼ ግን ደስ ብሎኝ ያውቃል። ሰክረህ አለመሆኑን ከዜማው አውቃለሁ።»

ሃያ ዓመት «ነጻ ወጣሁ» እያልኩ ስዘምር፣ ነጻ መውጣቴን ያላመነች አንዲት ሴት ፈላና በር ቁጭ ብላ ስትጠብቀኝ ነበር። ጌታ ይሁን ገብርኤል፣ ማን ምን እንዳደረገ እዚያ ስደርስ ይጣሩታል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። በማግስቱ ከፋዩን ቆረጥኩ።

መኪና አልነካሁም፤ ቅምቅማቱን ሁሉ በእጅ ነው የጨረስኩት። አው ዩስፍ ዘርፉን ሲለኩልኝ «በስተግራ አጠረ» እያሉ ሁለት ጊዜ አስፈቱኝ። ከአዳራሹ ሰው በሱቄ ሲያልፍ መጀመሪያ አካባቢ ጨርቁን ጉልበቴ ስር እሸጉጥ ነበር። በሦስተኛው ቀን ተውኩት፤ ክሩ ይቋጠርብኛል።

ሐምሌ አሥራ ዘጠኝ ከሸዋ በር ሚኒባስ ይዘን ቁልቢ ሄድን። እስከ ቅጥሩ በር ደግፌ አደረስኳት። አልገባሁም፤ የማላምንበትን አድርጌ ልዋሻት አልፈለግሁም። ጫማዬን ግን አወለቅኩ።  መጋረጃውን አቅፋ በአንዲት ሴት ትከሻ ተደግፋ ገባች፤ ባዶ እጇን ወጣች። ያን የሚያህል ጉልበት ከየት እንዳመጣችው እንጃ፣ ሳልደግፋት መጣችና አጠገቤ ቆመች።

«በቃ፣ እኔ አድርሻለሁ» አለችኝ። «ከእንግዲህ ብትጠጣ ከገብርኤል ጋር ተነጋገር።»

የአዳራሹ በዓል በሳምንቱ ደረሰ። መድረክ ላይ ወጣሁ። ድምፅ ማጉያውን ስይዝ ጉባኤው ቦዩን፣ ጎርፉን፣ ውሻውን እየጠበቀ ነበር፤ በቃሉ ያውቀዋል። «ወንድሞችና እህቶች፣ ውሻ አልነበረም» ብዬ ጀመርኩ። የነጠላውን ነገር፣ የአው ዩስፍን አሚን፣ የተረሳውን ጫማ፣ ባልዲ የያዙልኝን ወንድሞች፣ መጋረጃውን ሁሉንም ተናገርኩ። «ጌታ እጁን ዘርግቶ አወጣኝ ያልኩት እውነት ነው» አልኩ። «የዘረጋው እጅ ግን የእናቴ ነበር፤ እግሬን የያዘልኝም ሙስሊም ነው። ሃያ ዓመት እነሱን ሳልጠቅስ መስክሬ እግዚአብሔርን አሳንሼባችኋለሁና ይቅር በሉኝ።»

 በሃያ ዓመት ውስጥ ሃሌሉያ ያልተባለልኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ከመድረኩ ልወርድ ስል ከመሀል አንዲት ቀጭን ድምፅ «ሃሌሉያ!» አለች። ዞር ብዬ ባይ ባለስኳሯ እህት ናቸው፤ ብቻቸውን ቆመዋል።

ከሽምግልናው «ለጊዜው ይረፉ» ተባልኩ። አረፍኩ። እሑድ እሑድ ግን አልቀረሁም፤ ከኋላ ተቀምጬ እዘምራለሁ። ቤቴ ነው፤ ከቤት የሚወጣ ሰው አለ፣ ቤቱን ጠርጎ የሚቀመጥም አለ። ያልጠበቅሁት ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ዘማሪ ሱቄ ገብቶ ግራና ቀኝ አየና «እናቴም ከድሮ ጀምሮ አንዲት መጋረጃ ነገር አለችባት» አለኝ። ቀጥሎ ሌላ መጣ። ባለስኳሯ እህት ደግሞ የታላቅ እህታቸውን ስለት ይዘው መጡ። ሁሉም «ለማንም እንዳትነግር» ይሉኛል። ይኸው ነገርኳችሁ፤ ስም ግን አልጠራሁም።

ባለፈው ሐሙስ ረፋድ ላይ ማን ቢገባ ጥሩ ነው? ፓስተራችን። በአራት የታጠፈ ወረቀት ከኪሱ አወጣ፤ የመጋረጃ ቁመትና ወርድ ተጽፎበታል።

«ጋሽ ዳምጠው፣ ለአንዲት ዘመዴ ነው» አለኝ።

«ምን ዓይነት ቀለም ይሁን?»

«ቀይ። እናቴ ቀይ ነው የምትወደው» አለና አመለጠው። ጆሮው ቀላ። ከዚያ ቀና ብሎ «ሰባት ዓመት ሆነን ሳንነጋገር» አለኝ። «መስፋት አልችልም። ግን አንድ ጥግ እንኳ ራሴ ብሰፋላት ብዬ ነው።»

ወንበር ሳብኩለት። መርፌና ክር ሰጠሁት። አው ዩስፍ በበሩ አንገታቸውን አስገብተው አዩን፣ «ማሻአላህ» ብለው ተመለሱ። ፓስተራችን መርፌውን በቀኝ፣ ክሩን በግራ ያዘ፤ ክሩ ግን አልገባ አለው። አዳራሽ ውስጥ ከባድ ነገር ሲገጥመው እንደለመደው ዓይኑን ጭምቅ አድርጎ ጨፈነ።

«ፓስተር» አልኩት፣ «ይሄኛው ሥራ ዓይን ተገልጦ ነው የሚሠራው።»